ከጊዮርጊስ እስከ ሰማዕታት ሐውልት በእግር፤ አባቴንና ልጄን ይዤ ባሕር ዳር

የመምህሩ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ወር አባቴንና የአሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጄን ይዤ ባሕር ዳር እመጣለሁ። አባቴ ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር ነው። ስለ ጣና ገዳማት ዕድሜውን ሙሉ አስተምሯል። ባሕር ዳርን ግን የሚያውቃት ወደ ጎንደር ሲያልፍ በአውቶቡስ መስኮት ነው። ይሄ ነገር ሁሌ ይቆጨኛል።

ያለን አንድ ቀን ተኩል ነው። ሐሳቤ ይሄ ነው፦ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተነስተን፣ ሐይቁ ዳር ትንሽ ተንሸራሽረን፣ በዘንባባዎቹ መንገድ ወደ አባይ ድልድይ መሄድ። ከዚያ የሰማዕታት ሐውልቱ ጋ ያለውን ሙዚየም ማየት። ሁሉንም በእግር። አባቴ ከተማን በመኪና ማየት አይወድም። ጉልበቱን ግን አልፎ አልፎ ያመዋል።

መንገዱ ይበዛበታል? ምን እንዳያመልጠን? ሙዚየም ለሚወድ ሰው ከሐውልቱ ሌላስ ምን አለ? ያላችሁን ሁሉ ንገሩኝ።

ሰፈረ ጊዮርጊስ፦
እህቴ፣ በሰላም ኑ። እዚሁ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። አይበዛባቸውም። መንገዱ ሜዳ ነው፤ ዳገት የሚባል ነገር የለውም። ጥግ ጥጉን እያላችሁ ብትሄዱ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ደከመን ካሉ ባጃጅ በሽ ነው፤ እጅ ማንሳት ብቻ።

ሰዓቱን ግን አስቢበት። ጠዋት ከጊዮርጊስ ወደ አባይ ስትሄዱ ፊታችሁ ወደ ምሥራቅ ነው። ፀሐይዋ ዓይናችሁ ውስጥ ትገባለች። ከአሥር ሰዓት በኋላ ከሆነ ከጀርባችሁ ትሆናለች፤ የዛፉም የውኃውም ቀለም ይወጣል። ጠዋቱን ለጀልባ ተይው። ጣና ጠዋት ጸጥ ያለ ነው። ከምሳ በኋላ ነፋስ ይነሳና ማዕበሉ ትንሽ ጀልባን ያንገላታል። ለሽማግሌም ለልጅም አይመችም።

ጊዮርጊስ ግቢ ስትገቡ ደግሞ ቸኩላችሁ አትውጡ። እዚያ አንድ አሮጌ የድንጋይ ሕንፃ አለ፤ ፎቅ ያለው። ብዙ ሰው ትልቁን ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ይወጣል፤ እሱን ዞር ብሎ አያየውም። ለአባትሽ ከከተማው ሁሉ እሱ ነው የሚበልጥባቸው።

ብራና ወዳጅ፦
ከላይ ስለ ድንጋዩ ሕንፃ የተባለው ልክ ነው። ትንሽ ልጨምር። የጴድሮ ጳኤዝ ሥራ ነው ይባላል። ጳኤዝ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የነበረ ስፔናዊ ኢየሱሳዊ ቄስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1618 ግሽ ዓባይ ድረስ ሄዶ የወንዙን ምንጭ አይቶ ጽፏል። ከእሱ በኋላ የመጣውን አባትሽ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ንጉሡ ካቶሊክ ሆኑ፤ አገር ታመሰ፤ ደም ፈሰሰ። እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ፤ ሃይማኖቱም ወደ ተዋሕዶ ተመለሰ።

እንግዲህ ያን ሁሉ ዘመን የሚያስታውስ ግድግዳ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ቆሞ ይገኛል። ማንም አላፈረሰውም። እኔ ይሄን ሳስብ በጣም ይገርመኛል። ልጅሽን በመስኮቱ በኩል የግድግዳውን ውፍረት እንድታይ አድርጊ። ክንዷን ዘርግታ ትለካው። ቀኑን ከመጽሐፍ ብታነበው ትረሳዋለች፤ ይሄን አትረሳም።

የፈረቃ ልጅ፦
ሁላችሁም ስለ ጥንቱ ነው የምታወሩት። ከጊዮርጊስ ድልድዩ ድረስ ያለው መንገድ ራሱ ታሪክ ነው እኮ! እባክሽ ለአባትሽ ይሄን ንገሪልኝ።

ባሕር ዳር ከተማ የሆነችው በቅርብ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1961 የተሠራው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። ፖሊ ቴክኒኩ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቭየት ኅብረት ትብብር ተከፈተ። የከተማውን ፕላን በዚያው በ1960ዎቹ የነደፉት ጀርመናውያን ናቸው። ሰፋፊ መንገድ፣ መሃሉ ላይ ዘንባባ፣ ቀጥ ያለ መስመር ያያችሁት ሁሉ ከዚያ ዘመን የመጣ አስተሳሰብ ነው። ጃንሆይ ዋና ከተማውን ወደዚህ ሊያዞሩ አስበው ነበር ይባላል። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ያለውን ቤተ መንግሥታቸውን ለሚያይ ሰው ነገሩ አይደንቀውም።

እናቴ ፋብሪካው ውስጥ ፈታይ ክፍል ነበረች። ከፈረቃ ስትመለስ ቅንድቧ ላይ የጥጥ ብናኝ አለ። ጠዋት የሥራ ሰዓት ሲደርስ የሠራተኛው ብስክሌት ብቻ መንገዱን ይሞላው ነበር። ዛሬ ዘንባባዎቹን ፎቶ የሚያነሳ ሰው ብዙ ነው። ይሄን ከተማ ያቆመው ያ ሠራተኛ እንደሆነ የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። ስትሄዱ እባካችሁ እሱን አስቡልኝ።

በነገራችን ላይ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2002 የዩኔስኮን የሰላም ከተሞች ሽልማት አግኝታለች። ይሄንንም አባትሽ ይወዱታል።

ዘጌ ቡና፦
ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ አልስማማም። አንድ ቀን ተኩል ይዛ የመጣች ሰው ጠዋቷን ለሐውልቱ ሙዚየም ብቻ ካዋለች ይቆጫታል። አባትሽ የታሪክ መምህር ከሆኑ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ውሰጃቸው። የጣና ሙዚየም ገዳማቱ ናቸው።

ዑራ ዘጌ ላይ ነው፤ በጀልባ ይኬዳል። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ በሥዕል ተሸፍኗል። በላዔ ሰብእን ፈልጉት። ያን ሁሉ ሰው በልቶ፣ ለአንድ ለተጠማ ሰው በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሰጠ። በዚያች ጥርኝ ውኃ ዳነ። ነፍሱ የተመዘነበትን ሚዛን ስታይ ልጅሽ ራሷ ትጠይቅሻለች። ገዳሙ የራሱ ዕቃ ቤት አለው፦ የነገሥታት ዘውድ፣ የብራና መጻሕፍት፣ መስቀሎች። ደጅ ላይ የተንጠለጠለውን የድንጋይ ደወልም ጠይቁ። በትንሽ ድንጋይ ሲመታ እንደ ብረት ይጮኻል።

ጫካውም አለ። ዘጌ ላይ በበሬ አይታረስም፤ የገዳሙ ሥርዓት ነው። ደኑ እስከ ዛሬ የቆየው ለዚህ ነው። አባ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ቆርጠው ተከሏት፤ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆነች ተብሎ ይተረካል። ከወደቡ እስከ ዑራ የምትሄዱት በዚያ ቡና ሥር ነው።

የመምህሩ ልጅ፦
@ዘጌ ቡና ይሄን ለአባቴ አነበብኩለት። ስለ በትረ ማርያም ስትጽፍ ፈገግ አለ። ግን ከወደቡ ያለው መንገድ ዳገት አለው? ሌላው ደግሞ እኛ ሁለት ሴቶች ነን። ሴት የማይገባበት ገዳም አለ ሲባል ሰምቻለሁ።

ዘጌ ቡና፦
ትንሽ ዳገት አለው። በደህና እግር ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ድንጋያማ ስለሆነ ምርኩዝ ይያዙ። ከከበዳቸው አዝዋ ማርያም ለወደቡ ቅርብ ነው። እሱም ሥዕል አለው፤ ብዙም አያስወጣም። እዚያ አረፍ ብለው፣ ይቻለኛል ካሉ ወደ ዑራ ይቀጥሉ።

ወለተ ማርያም፦
እህቴ፣ ስለ ሴት እኔ ልመልስልሽ። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። ዳጋ እስጢፋኖስም እንደዚያው። የነ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የነ ዐፄ ፋሲል አፅም ያለው ዳጋ ነው፤ አባትሽ እሱን ካሉ ሩቅ ነው፤ እናንተም ጀልባው ላይ ትቀራላችሁ። ዑራ፣ አዝዋ፣ ደብረ ማርያም ግን ትገባላችሁ። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴም ለሴት ክፍት ናት። ግን እሷም ሩቅ ናት፤ ለአንድ ቀን ተኩል አትሞክሩት።

ሰፋ ያለ ቀሚስና ነጠላ ያዙ። ጫማ ደጅ ይወልቃል። ስለዚህ ለአባትሽ ማሰሪያ የሌለው ጫማ አድርጊላቸው፤ ጎንበስ ቀና ማለቱ ነው ጉልበት የሚጎዳው። የገዳሙን መግቢያ በጥሬ ብር ያዙ። ዕቃ ቤቱን የሚያሳዩት ካህን ሲገልጹ ደግሞ ስልክ አይነካ። ብራናው ሲገለጥ ድምፁ ይሰማል፤ እሱ አይለፋችሁ።

አዲስ ተጓዥ፦
እኔ ጀልባ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁና ተጠንቀቁ። ወደብ ላይ በአንድ ዋጋ ተስማማን። ዘጌ ስንደርስ "ይሄ ለመሄጃ ብቻ ነው" ተባልን። ከእናቴ ጋር ነበርኩ፤ እናቴ ደነገጠች። የጠየቁትን ከፍለን ተመለስን እንጂ ቀናችን ተበላሸ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሰፈረ ጊዮርጊስ፦
ወንድሜ አዝናለሁ። እንዲህ የሚያደርግ ሰው የሁላችንንም ስም ነው የሚያጠፋው። እህቴ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት ሁሉንም በግልጽ ተነጋገሪ። ደርሶ መልስ ነው ወይ? የትኞቹ ገዳማት? እዚያ ስንት ሰዓት ይጠብቃችኋል? አስጎብኚው ተካቷል ወይ? ሒሳቡን ስትመለሱ ክፈሉ። ለሦስታችሁም የሕይወት አድን ጃኬት ካልሰጠ አትሳፈሩ። የዕለቱንም ሁኔታ ካረፋችሁበት ቤት ጠይቁ። መንገዱ ሰላም ነው ካሉ ውጡ፣ ዛሬ ይቅር ካሉ ይቅር።

ደንገል፦
ታንኳውን ማንም አላነሳላችሁም! ሐይቁ ዳር ስትሄዱ ዛፍ ተደግፎ የቆመ ረጅም የደንገል ታንኳ ታያላችሁ። ፀሐይ እየመታው ነው። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ካልደረቀ ይከብዳል፤ ከቆየ ይበሰብሳል። ስለዚህ ዓሣ አጥማጁ በየጊዜው አዲስ ያስራል። ቀረብ ብላችሁ ቋጠሮውን እዩ። ምስማር የሚባል ነገር የለውም፤ እስር ብቻ ነው። ይሄን ጥበብ ከማንም በላይ ያቆዩት ሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ናቸው። ስማቸው በቱሪስት ወረቀት ላይ እምብዛም አይገኝም፤ ሊገኝ ይገባል።

ለልጅሽ ደግሞ ይሄን ንገሪያት። ቶር ሄየርዳል የሚባል ኖርዌያዊ እ.ኤ.አ. በ1969 ከጣና በተጫነ ደንገል ራ የምትባል መርከብ አሠራ። የሠሩለት ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ናቸው። ከሞሮኮ ተነስቶ አትላንቲክን ሊሻገር ሲል ጥቂት ሲቀረው ተበታተነች። በማግሥቱ ዓመት በኢትዮጵያ ደንገል ራ 2ን አሠራ። እሷ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። ዛሬ ኦስሎ ከተማ ኮን ቲኪ ሙዚየም ውስጥ ቆማለች። የእኛ አገር ደንገል አውሮፓ ሙዚየም ገብቶ ሰው ትኬት ቆርጦ ያየዋል። እዚህ ሐይቁ ዳር ግን በነጻ ቆሞ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እኔ ባሕር ዳር የታንኳና የዓሣ ማጥመድ ሙዚየም ቢኖራት እመኛለሁ። ሠሪዎቹ በሕይወት አሉ። ደንገሉም አለ፤ እምቦጭ ሐይቁን እስካልጨረሰው ድረስ።

የፈረቃ ልጅ፦
@ደንገል ይሄን አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ። ሙዚየሙ ቢሠራ እኔም ከጎንህ ነኝ። ከፋብሪካውም የድሮ ማሽን ቢገባበት ደስ ይለኛል።

አባይ ማዶ፦
አንድ ነገር ረስታችኋል። ሰፈረ ጊዮርጊስ ከአሥር ሰዓት በኋላ ሂዱ ብሏል። በዚያ ሰዓት ተነስተው ድልድዩ ጋ ሲደርሱ እኮ መሥሪያ ቤት ሊዘጋ ነው! ሙዚየሙ በር ላይ ደርሰው ይመለሳሉ።

የእኔ ሐሳብ፦ መንገዱን ገልብጡት። በሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ የሥራ ቀን ይሁን፣ ከሆቴላችሁ በባጃጅ በቀጥታ ሐውልቱ ጋ ሂዱ። ሙዚየሙን እዩ። ከዚያ ወደ ጊዮርጊስ በእግር ተመለሱ። ጠዋት ነው፣ ወደ ምዕራብ ነው የምትሄዱት፤ ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ናት። አባትሽም ሙዚየም ውስጥ ሲቆሙ ገና አልደከሙም። ደርሶ የደከመ ሰው ሙዚየም ውስጥ የሚፈልገው ወንበር ነው፤ ጽሑፍ አያነብም።

ሐውልቱ ደርግን ሲታገሉ ለወደቁት መታሰቢያ ነው። ስለ እሱ ዘመን ሰው የተለያየ ስሜት አለው፤ አውቃለሁ። አንዳንዱ ፖለቲካ ነው ብሎ አይገባም። እኔ ግን ግቡ ነው የምለው። አባትሽ በዚያ ዘመን ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዘው የነበሩ ሰው ናቸው። ከተማሪዎቻቸው መሃል በዚህም በዚያም ወገን የሄደ አይጠፋም። ፎቶዎቹ ፊት ሲቆሙ ዝም በያቸው። ልጅሽም ጎናቸው ትቁም። የሚነግሯት ነገር ይኖራል።

ስትወጡ ወደ ድልድዩ ተጠጉ። አባይ ከሐይቁ ወጥቶ ወንዝ ሲሆን ከዚያ ይታያል። አዲሱ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው የተመረቀው፤ 380 ሜትር ርዝመት አለው። የድሮው አጠገቡ አለ። ውኃው ካርቱም እስኪደርስና ከነጭ አባይ እስኪገናኝ 1,400 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረዋል። ጉማሬ የሚታየውም በዚህ መውጫ አካባቢ ነው። ከሩቅ ይታይ። ዳር ድረስ የሚወርድ ልጅ ካለ ያዙ፤ ጉማሬ ቀልድ አያውቅም።

ሰፈረ ጊዮርጊስ፦
@አባይ ማዶ እውነትህን ነው። ይሄ ይሻላል። ጊዮርጊስ መጨረሻ ላይ ሲሆን ደግሞ ጥሩ ነው፤ የድንጋዩን ሕንፃ አይተው ግቢው ጥላ ሥር ያርፋሉ። ሐይቁ እዚያው ነው፤ ምሳም እዚያው ነው።

የመጀመሪያው ቀን ማምሻ ላይ ቤዛዊት ውጡ። በባጃጅ እንጂ በእግር አይደለም፤ ለእሳቸው ጉልበት አይሆንም። ቤተ መንግሥቱን ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጥበቃዎቹን ጠይቁ። እናንተ ወደ ወንዙና ወደ ከተማው ነው የምታዩት። አባይ በዛፎቹ መሃል ሲጥመዘመዝ ከዚያ በላይ የሚታይበት ቦታ የለም።

የመምህሩ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። አባቴ ከጎኔ ተቀምጦ እያነበብኩለት ነው። እንዲህ ወሰንን፦

የመጀመሪያው ቀን በጠዋት ጀልባ፣ ዘጌ። አዝዋ ማርያም እንወርዳለን፤ ጉልበቱ ከፈቀደ ዑራ። ከሰዓት ዕረፍት፣ ማምሻውን ቤዛዊት። በማግሥቱ ጠዋት ባጃጅ እስከ ሐውልቱ፣ ሙዚየሙ፣ ድልድዩ፣ ከዚያ በእግር በዘንባባዎቹ መንገድ እስከ ጊዮርጊስ።

አባቴ ለ@የፈረቃ ልጅ "እናትህን አስባለሁ፤ ስሟን ባላውቅም መንገዱ ላይ አስባታለሁ" ብሏል። ለ@ብራና ወዳጅ ደግሞ ስለ ሱስንዮስ ብዙ የሚጨምረው ስላለ ሲመለስ ይጽፍልሃል።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ ምሳ ነው። ሁለተኛው ቀን ረቡዕ ይውላል። ልጄ የጣና ዓሣ ካልበላሁ ትላለች። አባቴ ደግሞ ረቡዕ ዓሣ አይነካም።

ወለተ ማርያም፦
በዚህ ነገር ክርክሩ አያልቅም፤ ዓሣ ጾም ነው የሚልም አለ፣ አይደለም የሚልም አለ። አባትሽ የያዙትን ይያዙ። ሐይቁ ዳር ባሉት ቤቶች ሽሮውም በያይነቱም ከዓሣው እኩል አለ፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀርብላችኋል። ለልጅሽ ቀረሶ ጥብስ እዘዢላት፤ አምባዛ አይደለም፤ አምባዛ ሥጋው ስለሚሰባ ሁሉም ልጅ አይወደውም። ሙሉውን ሲመጣ እሾሁን አንቺ አውጪላት። ለአባትሽ የሚመጣው ሽሮ ቅቤ እንዳይነካው ቀድመሽ "የጾም" ብለሽ ንገሪ።

አባይ ማዶ፦
ሙዚየሙ መከፈቱን ደግሞ ማክሰኞ ማታ ከሆቴሉ አስደውለሽ አረጋግጪ። እረፍት ወይም በዓል ከገጠማችሁ ሐውልቱን ከውጭ አይታችሁ ጉዞውን መቀጠል ትችላላችሁ። ሁለተኛውን ቀን ሙሉ ማድረግ ብትችሉ ግን ደብረ ማርያምም ቅርብ ናት፤ ከከተማው በትንሽ ጀልባ ቶሎ ይደረሳል።

የመምህሩ ልጅ፦
አውቶቡሱን ወደ ሐሙስ ጠዋት አዛወርኩት። ደብረ ማርያምም ገብታለች።